ክቡን መንጠቆ ያልተዉት የአቶ ክሌመንት ዋርናኩላሱሪያ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክሌመንት ዋርናኩላሱሪያ ከአባታቸው ከአቶ ሳቪሪያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤንግልታ፣ በስሪላንካ፣ በኔጎምቦ አጠገብ በምትገኘው የፒቲፓና የዓሣ አጥማጆች መንደር ሚያዝያ 4 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በደብሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስለ ታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ባሕር ወጡ። በ1979 ከወይዘሮ ፊሎሚና ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ በ1988 ደግሞ የቱና አጥማጇ ጀልባ የ«ስቴላ» ካፒቴን ሆኑ።

በ2006 ለቱና በዘረጉት፣ ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ላይ አሥራ አንድ የባሕር ኤሊዎች መንጠቆ ውጠው ሞተው አገኙ። አሥራ አንዱንም በገዛ እጃቸው ከገመዱ ፈቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊ ሳይገድሉ ቱና ማጥመድ የሕይወታቸው ዓላማ ሆነ።

በዓመቱ የጀልባዋን መንጠቆዎች በሙሉ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ በዞረና ኤሊ በቀላሉ በማይውጠው ክብ መንጠቆ ለወጡ። ሆኖም ከአሥራ ስምንት ቀን ጉዞ በኋላ ይዘው የተመለሱት ዘጠኝ ቱና ብቻ ነበር። ወደቡ ላይ የነበሩት አጥማጆች «ካፒቴን፣ ኤሊዎቹ እንዴት ናቸው? ከእኛም ሰላም በሉልን እንጂ!» እያሉ ተሳለቁባቸው። ሁለተኛው ጉዞም አልተሻለም። ከአምስቱ ሠራተኞች ሦስቱ ጥለዋቸው ሄዱ። የሚስታቸው ወንድም አቶ አንቶን «ለኤሊ ብለህ ልጆችህን ጦም ልታሳድር ነው?» ሲሏቸው፣ «መንጠቆው አላጠፋም፤ እኛ ያላወቅነው ነገር አለ» ብለው መለሱ።

መልሱን ያገኙት በግቢያቸው ተቀምጠው፣ ለቱና ማባበያ የሚሆን ትንንሽ ዓሣ በመንጠቆው ላይ ደጋግመው እየሰኩ ሲመረምሩ ነው። በፒቲፓና ብረቱ እስከማይታይ ድረስ መንጠቆን በዓሣ ሥጋ መሸፈን የሙያ ኩራት ነው። ክቡ መንጠቆ እንዲያ ሲሸፈን ግን በጫፉና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት በሥጋው ይደፈንና ቱናውን መያዝ ያቅተዋል። በሦስተኛው ጉዞ ትንሹን ዓሣ አንድ ጊዜ ብቻ ወግተው መንጠቆውን ክፍት እንዲተዉት አዘዙ። ከቀሩት ሠራተኞች ትልቁ፣ አቶ ማርሴሊን፣ «ኧረ ክሌመንት፣ ራቁቱን መንጠቆ ለዓሣ ማሳየት ነውር አይደለም?» ቢሉም ታዘዙ። ዘጠና አራት ቱና ተያዘ፤ መንጠቆው ከንፈራቸውን ብቻ የያዛቸው ሁለት ኤሊዎችም በሕይወት ተለቀቁ።

ከዚያ በኋላ አቶ ክሌመንት ከጀልባ ወደ ጀልባ እየዞሩ፣ የሰደባቸውንም ያመሰገናቸውንም እኩል አስተማሩ። ሠላሳ አንድ ጀልባዎች መንጠቋቸውን ለወጡ።

በኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 17 ቀን 2021 በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት መንጠቋቸውን ገና ያልለወጡ የዘጠኝ ጀልባዎችን ስም ለታላቋ ልጃቸው ለሮሼሊ አስጽፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፊሎሚና፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በኀዘን ላይ ናቸው፤ የሰባተኛው ቀን ጸሎት እንዳበቃ ግን ሮሼሊና ወንድሞቿ መንጠቆ ይዘው ወደ ዘጠኙ ጀልባዎች ይሄዳሉ።

ባሕሩንና በውስጡ ያለውን ሁሉ የፈጠረ አምላክ፣ ለፍጥረቱ የራራችውን የአቶ ክሌመንትን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት።