ወተት የተውኩበት ሦስት ወር

ጥር 4
ዛሬ አምስት ቦቴ ወተት ገባ። ሦስተኛውን መለስኩት። ክዳኑን ስከፍት ነው የጠረጠርኩት። አፍልቼ ቀመስኩ፣ ተፋሁ። ሊኮመጥጥ ጀማምሮታል። ሹፌሩ አኮረፈ፣ ጠዋት የታለበ ነው ብሎ ማለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የላቦራቶሪው ውጤትም እኔ ያልኩትን አለ። "ምላሱ ካለ አለ ነው" ተባባሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ስም ስጠራ... እናቴ ያወጣችልኝን ስም ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቀው ፋይሌ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።
ነገ ደግሞ እኔ ሆስፒታል የሰጠሁት ናሙና ውጤት ይደርሳል። ምንም አይሆንም።

ጥር 5
ካንሰር ነው። የፕሮስቴት።
ጻፍኩት እንግዲህ።
ዶክተሩ ልጄ ሊሆን የሚችል ነው፣ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ከቦታው ገና አልወጣም አለ። የሆርሞን መርፌ፣ ከዚያ ጨረር፤ በዚህ ወር ብንጀምር ጥሩ ነው አለ። ሽንት ለመያዝ ሊያስቸግርዎት ይችላል፣ ከባለቤትዎ ጋርም... እዚህ ላይ መስማት ያቆምኩ መሰለኝ። አባቴ ነው የመጣብኝ። ቱቦው። አልጋው ጎን የተንጠለጠለው ከረጢት። ጠያቂ ሲመጣ በብርድ ልብሱ ጫፍ ሊሸፍነው ይታገል ነበር።
"ምግብስ?" አልኩት። ሥራዬን ነገርኩት። ወተት የሚያበዙ ወንዶች ላይ በሽታው በርከት እንደሚል ያዩ ጥናቶች አሉ፣ ያላዩም አሉ፣ ነገሩ ገና አልለየለትም አለ። ቢቀንሱ አይጎዳዎትም፤ ሕክምናውን ግን አይተካም።
መጀመሪያ በምግብ ልሞክረው፣ ሦስት ወር ይስጡኝ አልኩ።
"ሦስት ወሩን እኔ ልሰጥዎት እችላለሁ። በሽታው ይስጥዎት አይስጥዎት ግን አላውቅም።"
አባቴ በዚሁ እንደሞተ ስነግረው ወንድም ካለዎት ይመርመር ብሎም ነበር። እሺ አልኩ። ታናሼ አለ። እነግረዋለሁ... አንድ ቀን።

ጥር 6
ለባለቤቴ ነገርኳት። ግማሹን። ካንሰር ነው፣ ግን ቀስ የሚል ዓይነት ነው፣ ለሦስት ወር በምግብ እንሞክረው አሉኝ አልኳት። ዐይኔን በጨው አጥቤ።
አላለቀሰችም። ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አይቡን በአንድ ዘንቢል ሰብስባ ለጎረቤት ሰጥታ መጣች።
ምን አደረግኩ?

ጥር 13
ባለቤቴን ልብስ ሰፊ መሆኗ ጠቀማት። ለላም ወተት ምትክ አኩሪ አተር ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ ጠዋት ልጣጩን አሽታ ታወጣለች፣ ትፈጫለች፣ ከዚያ ለኮት ገበር በገዛችው ስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ከዚያ ማፍላት። ከምድጃው ንቅንቅ አትልም፣ ይገነፍላላ። አንድ ሰዓት ተኩል ለሁለት ብርጭቆ።
"እንዴት ነው?"
ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል። መጨረሻው ላይ ምላስ ይይዛል። ቦቴ ቢሆን እመልሰው ነበር።
"ጥሩ ነው" አልኩ።
ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሷ ጠጣችው። ብቻህን አትጠጣም አለችኝ። ወተት እንዴት እንደምትወድ አውቃለሁ...

ጥር 22
ትልቋ ልጃችን በካርቶን የታሸገ የአጃ ወተት ይዛ መጣች። የማይበላውን ዝርዝርም ጽፋ። ቀይ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም፣ ስኳር የለም። ታዲያ ምን አለ? አልኳት። "አንተ አለህ አባዬ" አለችና ፊቷን አዞረች።
የአጃው ሲሞቅ ይዝለገለጋል። ቀዝቃዛው ይሻላል። ጠጣሁ።

የካቲት 3
ቀበቶዬን አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ሁለተኛው ነው።
ሥራ ላይ መቅመስ ትቻለሁ። ማንኪያዋን ሳነሣ አንድ ነገር ውስጤ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ይመስለኛል። እተፋዋለሁ እኮ! ቢሆንም። አሁን የማሸተው ብቻ ነው። አፍንጫም አይከዳኝም።

የካቲት 11
ከዳኝ።
ትናንት ያሳለፍኩት ወተት መራራ ነበር። ላሞቹ ምን አረም እንደበሉ እንጃ። ሽታው ንጹሕ፣ የላቦራቶሪውም ቁጥር ንጹሕ። ምላስ ብቻ ነበር የሚይዘው። ከትልቁ ማጠራቀሚያ ወተት ጋር ተቀላቀለ። ያ ሁሉ ወተት ዛሬ በቱቦ ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ሰው ሁሉ ያየው ግን እኔን ነው።
የክፍላችን ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችኝ። አልጮኸችም። ቀምሰኸው ነበር? አለችኝ። ጉንፋን ይዞኝ አልለይ ብሎኝ ነው አልኩ። ሌላ ውሸት። እቤት አንድ፣ እዚህ አንድ።

የካቲት 12
ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ስለሚሠራበት ጋራዥ አወራኝ። "አንተስ ደህና ነህ ጋሼ?" ደህና ነኝ አልኩት።

መጋቢት 2
ባለቤቴ ፊትህ ጠራ እያለችኝ ነው። የጠራው አጥንቴ ነው። ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ሰማሁ፤ ዋናው ማጣራቱ ላይ ነው፣ ደህና አድርጌ አጠልለዋለሁ ትላለች። ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረ። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።
ሽንቴ ዛሬ ሁለቴ ተቋረጠ። ከብርዱ ይሆናል። ይሆናል?

ሚያዝያ 6
ባለቤቴ ዶክተሩ ጋ አብሬህ ካልገባሁ አለች። ምን ብዬ ልከልክላት? የክት ልብሷን ለበሰች፣ የአኩሪ አተሩን አሠራር በወረቀት ጽፋ በቦርሳዋ ይዛለች። ለዶክተሩ ልታሳየው።
በጥር አሥራ አንድ የነበረው የካንሰሩ የደም ምርመራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ሆኗል።
ዶክተሩ ሳይናገር እሷ ቀደመችው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
"ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆን? አንዳንድ ቀን ቶሎ አወጣዋለሁ፣ በደንብ ሳይፈላ..."
"የምን ጥፋት?" አለ። ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ እንድናገር ነው የጠበቀው።
"በጥር ሕክምና ጀምር ብለውኝ ነበር" አልኳት። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የምግቡን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።"
ወረቀቷን አጠፈች። አራት ቦታ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።
"እርስዎ ምንም አላጠፉም እናቴ" አላት ዶክተሩ።

ሚያዝያ 7
ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ። ጠዋት ብርጭቆ አልነበረም።
አመሻሽ ላይ መኪናውን አቆመችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።
"ብትሞት ኖሮ፣ በእኔ እጅ ነው የሞተው እያልኩ ነበር የምኖረው።"
ይቅር በይኝ አልኩ። ዛሬ አትጠይቀኝ አለች።

ሚያዝያ 14
ካንሰሩ መዛመቱን ለማየት የተነሣሁት ፎቶ ደረሰ። አብረን ነው የገባነው። ከቦታው አልወጣም። ዶክተሩ ዕድለኛ ነዎት አለኝ፣ ሁለተኛ ግን አይሞክሩት። የመጀመሪያዋን መርፌ እዚያው ወጋኝ።
የምግብ ባለሙያዋ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ዘጠኝ ኪሎ ጎድሏል። ተቆጣች። መርፌው አጥንት ያሳሳል፣ እርስዎ ደግሞ አጥንትዎን አስርበውታል አለች። እቤት የሚሠራው አኩሪ አተር ጥሩ ነው፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየም የተጨመረበትን ግዙ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ነቅንቁት፣ ታች ይዘቅጣል። ጎመን፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ይመለስ። አንድ ሲኒ እርጎም ካማረዎት ኃጢአት አይደለም።
ሥራ ላይ ቀምሼ ስለምተፋት አንድ ማንኪያ ወተት ጠየቅኳት። ሳቋን ዋጠች። ለዚያች ነው እንዴ እንዲህ የሆኑት?
ባለቤቴ ሁሉንም ጻፈች። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። እንዳልወድቅ ይሁን፣ ታርቃኝ ይሁን... አልጠየቅኩም።

ግንቦት 3
ለኃላፊዋ እውነቱን ነገርኳት። በሽታውን፣ ጉንፋን አለመሆኑን፣ ሁሉን። ከዚያ ፈቃድ ስትፈልግ በቀጥታ ለእኔ ንገረኝ አለች። ስወጣ ጠራችኝና ሁለተኛው ቦቴ እየጠበቀህ ነው አለችኝ።
ቀመስኩ። ጣፋጭ ወተት ነበር። ተፋሁት።

ሰኔ 19
ጨረሩ አሥራ አራተኛ ቀን። መርፌው ያመጣው ሙቀት በድንገት ያነድደኛል፣ ሸሚዜ ላብ በላብ ይሆናል፣ ከዚያ ብርድ። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ሱሪዬን አረጠብኩት። ከጥር ጀምሮ የሸሸሁት ይህን ነበር እንግዲህ። ወረድኩ፣ ኮቴን አገለደምኩ፣ በእግሬ መጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ አይታኝ ሌላ ሱሪ አቀበለችኝ። ያችኛውን አጠበቻት።
አልሞትኩም። በአፍረት አይሞትም ማለት ነው።

ነሐሴ 14
ቁጥሩ ከአንድ በታች ወርዷል። ዶክተሩ መርፌው ይቀጥላል፣ ክትትሉም ዕድሜ ልክ ነው አለ። ጨርሰናል አላለም። ግን ፈገግ አለ። ወንድምዎስ? ብሎ ጠየቀኝ። ገና አልነገርኩትም አልኩ።
ከሆስፒታሉ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ታናሼ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፣ እግሩ ብቻ ይታያል። ውጣ አልኩት። ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ቆሜ ነገርኩት፤ ከጥር ጀምሮ ያለውን፣ ለሚስቴ የዋሸሁትንም።
"እንደ አባታችን?" አለ።
"እንደ አባታችን። እኔን ግን ደረሱልኝ።"
ለምን አልነገርከኝም ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ኩርሲ ስቦ ተቀመጠ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን የአባታችን አልጋ ጥግ የቆመው ልጅ ሆነብኝ።
"ወተት ልተው እንዴ ጋሼ?"
"የወተቱን በኋላ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ለምርመራ ደም ስጥ።"
ሰኞ እሄዳለሁ አለ። እኔም እንዲህ ነበር ያልኩት አልኩት። ላቦራቶሪው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ አሁን ዘጠኝ ተኩል።
እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ። አብረን ሄድን።