አራቱን ኮሚቴዎች አንድ ያደረጉት የአቶ እምሩ ወርቅአፈራሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ እምሩ ወርቅአፈራሁ ከአባታቸው ከአቶ ወርቅአፈራሁ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ገብሬ ግንቦት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ሠራተኛ ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ። እናታቸው ግን ልጃቸው ከመዶሻ ይልቅ ብዕር እንዲይዝ ይመኙ ስለነበር ገና በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በተወለዱበት አካባቢ አጠናቀው፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ተከታተሉ።

በ1966 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጠሩ። ከታይፒስትነት ተነስተው እስከ መዝገብ ቤት ኃላፊነት ደርሰው፣ በድምሩ ለአርባ ዓመታት አገልግለዋል። በእሳቸው ዘመን የገባ ደብዳቤ ሳይመዘገብ አድሮ አያውቅም። ጥር 16 ቀን 1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ እሸቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሕይወታቸውን ክፍል ቤተሰቡ በትክክል ለማስረዳት ይቸገራል። እሳቸውም ራሳቸው ይቸገሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች በትራፊክ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት መረጧቸው። ቃለ ጉባኤያቸው ንጹሕ ነበርና፣ በዓመቱ የሕዝብ ደህንነት አማካሪ ኮሚቴ ሲቋቋም እዚያም ጸሐፊ ሆኑ። ቀጥሎ የእግረኞች ደህንነት አማካሪ ኮሚቴ መጣ፤ ከዚያም የመንገድና የአካባቢ ደህንነት አማካሪ ኮሚቴ። አባላቱ ከጥቂቶች በቀር እነዚያው ዐሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። የሚሰበሰቡትም በዚያችው በአንዲት አዳራሽ፣ በዚያችው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። የሚለወጠው ሰብሳቢውና የመዝገቡ ሽፋን ብቻ ነው።

በራስ መኮንን ድልድይ ጫማ የሚሸጡት የረጅም ዘመን ወዳጃቸው አቶ ኑሪ አብዱረህማንም የአራቱም ኮሚቴዎች አባል ነበሩ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። «ጋሽ እምሩ፣ ዛሬ ማን ነን?»

አቶ እምሩ መዝገቡን ገልጠው አይተው ይነግሯቸዋል። አንድ ቀን ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ፣ የሕዝብ ደህንነትን ውሳኔ በሙሉ በእግረኞች መዝገብ ላይ እንደጻፉት ደረሱበት። ወደ ቤት ሲመለሱ ለወይዘሮ ዓለምጸሃይ «አርባ ዓመት ያልተሳሳትኩትን ሰውዬ ምን ነካኝ?» አሏቸው። ወይዘሮ ዓለምጸሃይም ሊረዷቸው አልቻሉም፤ ባለቤታቸው በየትኛው ቀን የትኛው ስብሰባ እንዳለባቸው እሳቸውም ማስታወስ ካቆሙ ቆይተው ነበርና።

መስከረም 2012 ዓ.ም. አቶ ኑሪ ከድልድዩ አጠገብ ዜብራና የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ ለትራፊክ ኮሚቴ ጥያቄ አቀረቡ። ቦታው ታክሲ የሚጫንበት፣ ሰውና መኪና የሚጋፋበት ስለነበር ማንም አልተቃወመም። ኮሚቴው ግን ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ነውና የሕዝብ ደህንነት ይየው ብሎ በደብዳቤ ላከው። የሕዝብ ደህንነት፣ የሚሻገረው እግረኛ ስለሆነ ለእግረኞች ኮሚቴ መራው። የእግረኞች ኮሚቴ፣ ቀለሙ የሚቀባው መንገድ ላይ ስለሆነ ለመንገድና አካባቢ አስተላለፈው። እሱም በተራው፣ ጉዳዩ መኪናን ስለሚመለከት ለትራፊክ ኮሚቴ መለሰው። ሁሉም ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ግልባጭም አለው። ዐሥራ ስድስት ወራት አለፉ።

ጥር 2013 ዓ.ም. በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የአቶ ኑሪ ባለቤት ወይዘሮ መይሙና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚሄድ ታክሲ ለመያዝ ሲሻገሩ እዚያው ቦታ ላይ ሚኒባስ ገጫቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

አቶ እምሩ በዚያን ቀን አራቱንም መዝገቦች ወደ ቤት አምጥተው ምንጣፍ ላይ ዘረጉ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ምሳ አቅርበው ቢጠሯቸው አልሰሙም። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ዓለም፣ ደብዳቤውን ማን ይዞ እንዳስቀረው እየፈለግሁ ነበር። ላኪው እኔ ነኝ። ተቀባዩም እኔ ነኝ» አሏቸው። እውነትም በሁሉም ወረቀቶች ግርጌ የነበረው ፊርማ የእሳቸው ነበር። የት ላይ እንደተሳሳቱ ፈልገው አጡት። እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር፤ ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው።

በሳምንቱ ወይዘሮ መይሙናን ሊጠይቁ ሄዱ። ብርቱካን ይዘው ገቡ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ።

«መይሙና፣ የዜብራው ደብዳቤ እኔ ዘንድ ነበር።»

«ለማን ነው የጻፉት ጋሽ እምሩ?»

«ለራሴ።»

ወይዘሮ መይሙና የታሰረ እግራቸውን በእጃቸው ደግፈው አዩአቸውና፣ «ለራስዎ ከጻፉማ መልሱ እንዴት ዘገየ?» አሉ። አቶ ኑሪ ሳቁ። ወይዘሮ መይሙናም ሳቁ። አቶ እምሩ ይቅር ተብለው ይሁን ተወቅሰው አልገባቸውም፤ እስከ ሕይወታቸው መጨረሻም እንዳልገባቸው ይናገሩ ነበር።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. አራቱ ኮሚቴዎች ተዋሕደው አንድ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን አራት ጊዜ፣ በአራት ስብሰባ፣ ለእነዚያው ሰዎች ማቅረብ ነበረባቸው። አራቱም በሙሉ ድምፅ ተቀበሉት። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን እያንዳንዱ ኮሚቴ የተስማማው ሦስቱ ፈርሰው ወደ እሱ እንዲገቡ ነበር። ይህን የሚፈታ ጊዜያዊ አዋሃጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የዚያም ጸሐፊ አቶ እምሩ ሆኑ። በዚያ ሰሞን አቶ ኑሪ በሩ ላይ ጥያቄያቸውን ትተው ዝም ብለው መግባት ጀመሩ።

ሐሳቡን አጥብቀው የተቃወሙት በየሰኞው የሚሰበሰበው የትራፊክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ የነበሩት አቶ አስገዶም ናቸው። አቶ እምሩ ሊያስማሟቸው ቤታቸው ድረስ ሄዱ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አቶ አስገዶም ብቻቸውን ነበሩ። «እምሩ፣ እኔ ክራቫት የማስረው ሰኞ ብቻ ነው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?» አሏቸው።

አቶ እምሩ ሳያስማሟቸው ተመለሱ። ኮሚቴው ሲበዛ ሰው ይገጫል፤ ሲቀነስ ደግሞ ሌላ ሰው ቤቱ ይቀራል። የትኛው እንደሚብስ ማመዛዘን አቃታቸው። ብዙ ቀን ከሠራተኛ ሠፈር እስከ ድልድዩ በእግራቸው እየወረዱ፣ የሚሻገረውን ሰው ቆመው ሲያዩ ይውሉ እንደነበር አቶ ኑሪ ይመሰክራሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መንገዱ መሐል ደርሳ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቅቷት ስትቆም ባዩ ዕለት ግን ኮሚቴዎቹ አንድ መሆን እንዳለባቸው ቆረጡ።

በመጨረሻው ስብሰባ አዲሱ ኮሚቴ ሰባት አባላት ብቻ እንዲኖሩት ተወሰነ። ከዐሥራ አንዱ አራቱ መውጣት ነበረባቸው፤ ማንም ግን እጁን አላወጣም። አቶ እምሩ የአባላቱን ዝርዝር ተቀብለው መጀመሪያ የራሳቸውን ስም ሰረዙ። «ጸሐፊውማ አይሆንም!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። እሳቸውም፣ «ጸሐፊ ስንት ጊዜ ለራሱ ይጽፋል?» ብለው መዝገቡን ዘጉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሦስት ሰዎች በፈቃዳቸው ወጡ። አቶ አስገዶም የአዲሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ቀሩ።

አራቱ ኮሚቴዎች ሰኔ 2014 ዓ.ም. በይፋ ፈረሱ። አዲሱ ኮሚቴ በሦስተኛ ስብሰባው የዜብራውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፎ በቀጥታ ለሚመለከተው የመንገድ ሥራ ክፍል አቀረበ። ነሐሴ ሳያልቅ ከድልድዩ አጠገብ ዜብራው ተቀባ፤ የፍጥነት መቀነሻውም ተሠራ። አቶ እምሩ ሲቀባ ቆመው አዩ። ጭብጨባም ንግግርም አልነበረም፤ እሳቸውም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ለቀቢዎቹ ውኃ ገዝተው ሰጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ሰኞ ጠዋት ለባብሰው ይወጡና ከቤት ትንሽ ራቅ ብለው ይመለሱ ነበር። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ቤተሰቡ ጠይቆ አልተረዳም። ሲጠየቁ «እኔም እያሰብኩበት ነው» ነበር መልሳቸው።

አቶ እምሩ ባደረባቸው የልብ ሕመም ምክንያት ለስምንት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመሙ በበረታባቸው ሳምንት አቶ ኑሪ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ «ኑሪ፣ መኪናው ይቆማል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንዳንዱ ይቆማል ጋሽ እምሩ።»

«ሌላውስ?»

«ለሌላው መይሙና ከዘራዋን ታወጣለታለች። ያኔ ሁሉም ይቆማል።»

አቶ እምሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሳቁ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ «እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል» ይላሉ። በአራተኛው ቀን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ እምሩ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምጸሃይን፣ ልጆቻቸውን ተስፋሁንንና ጸሎትን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን እንዲሁም እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን አቶ ኑሪን ትተው ተለይተዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ወቅት ላልተለዩት፣ ዛሬም ሊሸኟቸው ከየአቅጣጫው ለመጡት ሁሉ ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል።

እኛ በእሳቸው ልብ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አልደረስንበትም፤ የፈጠራቸው ግን ያውቀዋል። የልባቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀሪዎቹም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።