መደቡና መሳቢያው

ሰኞ

አራት ብሎን ተፈቀደልኝ። አምስት አይደለም፣ አራት። የሕንጻችን ማናጀር ጥያቄዬን ስታሽ ሰንብታ ዛሬ መለሰች። "ስትለቅ ግድግዳውን እንደነበረ ትመልሳለህ" ብላለች። ኦኬ፣ እመልሳለሁ። እኔ አሁን የማስበው ስለ መልቀቅ ሳይሆን ስለ ዓርብ ነው።

ዓርብ ሶልያና ልታድር ትመጣለች። ልጄ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ፌደራል ዌይ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌክ ሲቲ አመጣትና ሳይመሽ እመልሳታለሁ። እዚህ አድራ የምታውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ባለፈው ገና ሰሞን። ያኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩላት። እኔ ሶፋው ላይ ሆንኩ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ። ጠዋት ቁርስ እንኳን ሳትቀምስ እናቷን ኮል አድርጋ "ነይ ውሰጂኝ" አለቻት። ለምን ስላት "ጀስት" አለችኝ። ሰባት ወር ሙሉ "ጀስት" ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ከረምኩ።

ሌላ ምን ይሆናል? አልጋ ስለሌላት ነው።

ገነት፣ እናቷ፣ ትናንት ቁርጡን ነገረችኝ። "ይኼን ዓርብ ትሞክረው። ከተመቻት በየሳምንቱ ዓርብና ቅዳሜ እዚያ ትደር። እንደ ባለፈው ውሰጂኝ ካለችኝ ግን ሁለተኛ አላስገድዳትም።" ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተረጋግታ ስትናገር ነው የምፈራት።

ክፍሉን ዛሬም ለካሁት። ትናንትም ለክቼዋለሁ፣ አላደገም። መግቢያው ላይ ኩሽና፣ መጨረሻው ላይ መታጠቢያ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ሂተር፣ እዚያ እንጨት ማስጠጋት ክልክል ነው። ከኩሽና ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ የግድ መካከሉን ማቋረጥ ነው።

ያሰብኩት፦
ረጅሙን ግድግዳ ይዞ የሚሄድ የእንጨት መደብ። ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ።
ከመደቡ ሥር በጎማ የሚሳብ ትልቅ መሳቢያ፣ ፍራሽ ውስጡ ያለ። ሁለተኛ አልጋ መሆኑ ነው። ጠዋት ገፋ ሲያደርጉት ይጠፋል።
ከመሳቢያው ጎን ለመጽሐፎቿ መደርደሪያ።
ፊት ለፊት ቁም ሳጥን። በሩ ወደ ታች ሲታጠፍ የጥናት ጠረጴዛ ይሆናል።

በመደቡና በቁም ሳጥኑ መካከል ሃያ ስምንት ኢንች ይቀራል። የመሳቢያው ወርድ ሃያ ሰባት። አንድ ኢንች ተረፈኝ! ባለ አርባ ጫማ ባስ በሲያትል ዳገት ላይ ምንም ሳላስነካ የማዞር ሰው ነኝ፣ አንድ ኢንች ለኔ ሜዳ ነው።

ማክሰኞ

ከሥራ እንደወጣሁ ኤቨረት፣ ጋሽ መኮንን ጋ። አውራ ጎዳናው፣ አይ ፋይቭ፣ እንደ ልማዱ ዝግ ነበር። ጋሽ መኮንን የማኅበራችን ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውሮፕላን ውስጥ ዕቃ ሲገጥሙ ኖረዋል፣ ወንበሩን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የማብሰያውን ክፍል። አሁን ጋራዣቸው ውስጥ መጋዝና ኮምፔንሳቶ ነው ያለው፣ መኪናቸው ዝናብ ይመታዋል።

ሥዕሌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ መልሰው ጠረጉ።

"ይኼ መደብ አይደል እንዴ?" አሉ።

"ከግድግዳ ጋር ሲገጠም እዚህ ቢልት ኢን ይሉታል ጋሼ።"

"ጭቃውን በእንጨት ለውጠው ስም አወጡለት በለኛ!"

ደስ ብሏቸዋል። አውሮፕላን ውስጥ ቦታ አይባክንም፣ የማይታጠፍ ነገር ቢኖር ፓይለቱ ብቻ ነው አሉኝ። የላዩ ርዝመት ስልሳ ስምንት ኢንች ይበቃኛል ስላቸው "ስድስት ጫማ ሰው ነህ፣ ምን ነካህ?" ብለው ወደ ሰማንያ ከፍ አደረጉት። መሳቢያውን ግን እኔ እንዳልኩት ስልሳ ሁለት ቆረጡት። ለሶሊ ይተርፋታል። ልጅ ናት፣ አጥንቷ ለጋ ነው፣ ዝቅ ቢልም አይጎዳትም።

ስምንት ጣውላ ቆረጥን። በብርጭቆ ወረቀት የፈተግኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ተላጠ፣ ግን እንጨቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። እጄን እያሻሸሁበት ብቻዬን ሳቅኩ።

ረቡዕ

ዕረፍት ወሰድኩ። ጋሽ መኮንን ጠዋት መሣሪያቸውን ይዘው መጡ፣ የጾም ምሳቸውንም ጭምር። የኔን ሽሮ አያምኑትም።

መደቡ ተገጠመ። አራቱ ብሎኖች ገቡ። ጋሽ መኮንን ላዩ ላይ ወጥተው ዘለሉ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው! ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን ደበደበ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፣ ረሳሁት።

ከዚያ መሳቢያው። በአንድ ጣት ሲስቡት ድምፅ የለውም። ሳብኩት፣ ገፋሁት፣ ሳብኩት። ጋሽ መኮንን እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል።

"ማን ነው እዚህ የሚተኛው?"

"ሶልያና።"

"ላዩስ?"

"እኔ ነኛ። ወገቤን ያውቁታል።"

ጋሽ መኮንን መሳቢያውን በእግራቸው ጠቆሙ። ተስቦ ሲወጣ መተላለፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። ያ የኮራሁበት አንድ ኢንች ብቻ ቀርቷል።

"አንተ ንጋት ላይ ሥራ ትገባለህ። መታጠቢያ ቤቱ ያ ነው፣ ኩሽናው ይኼ። በየት ታልፋለህ?"

እንዴ! በየት አልፋለሁ? አንድም ቀን አላሰብኩትም። ዕቃውን ሁሉ ለካሁ፣ የሚያልፈውን ሰው ረሳሁ። ባስ ሾፌር ነኝ ደግሞ።

"እራመዳታለኋ" አልኩ።

"ልጅ? በተኛችበት? ቀጭጫ ትቅርልህ?"

"ጋሼ፣ መልሼ እራመዳታለሁ። ገና ጊዜም እንደዚያው ነው ያደረግኩት። በተራመድኳት ቁጥር ተመልሼ፣ መልሼ ተራምጄያት፣ በሶፋው ጀርባ ተጣብቄ እዞር ነበር።"

"እዚህ መዞሪያ የለህማ! መልሰህ ስትራመዳት እኮ የነበርክበት ነህ። ሥራ መቼ ልትገባ ነው?"

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አልጣፈጠኝም። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው "አንተ ልጅ፣ ለልጄ አልጋ ሠራሁ ትላለህ፣ ላዩን ግን ለራስህ ነው የሠራኸው" አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንጨቱ ተቆርጧል፣ ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ሐሙስ

ከሥራ መልስ ሶሊን በቪዲዮ ኮል አደረግኳት። በሱርፕራይዝ ላሳያት ፈልጌ ነበር፣ አላስቻለኝም። መደቡን አሳየኋት፣ "ናይስ" አለች። የሚታጠፈውን ጠረጴዛ፣ "ሶ ኩል"። ከዚያ መሳቢያውን በአንድ ጣት ሳብኩላት።

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

"ሶ፣ እኔ አሁንም መሬት ላይ ነኝ?"

"መሬት አይደለም፣ መሳቢያ ነው" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ልጄን መሳቢያ ውስጥ ላስተኛት።

"ኦኬ" አለች። የዚያን ቀኑ "ጀስት" ወንድም ነው ይኼ "ኦኬ"።

ስለዚህ ጠየቅኳት። ገና ጊዜ ለምን ሄድሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፣ ግን ውስጤ የገባው በአማርኛ ነው፦

"ዳድ፣ መንገድህ ላይ ነበርኩ። እኔ ነቅቻለሁ። በላዬ ታልፋለህ፣ ትቆማለህ፣ የሆነ ነገር ታጉተመትማለህ፣ ትመለሳለህ። ከዚያ ሶፋውን ትገፋለህ፣ ትተነፍሳለህ። ብዙ ጊዜ። ቤትህ ለሁለት ሰው አይበቃም ብዬ አሰብኩ። ላላስቸግርህ ብዬ ነው የሄድኩት።"

በስመ አብ። የማጉተመትመው እሱን ነበር፣ በስመ አብ እያልኩ።

እንዴት ላስረዳት? የተኛ ልጅ ከተራመዱት አያድግም ይባላል፣ መልሰው ከተራመዱት ግን ይፈታል፣ የምመለሰው እንድታድጊ ብዬ ነው አልኳት። ስናገረው ለራሴም እብደት መሰለኝ።

"ዳድ፣ ሰው የሚያድገው እንደዚያ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትመለሳለህ?"

"ምናልባት ቢሆንስ ብዬ ነዋ።"

"ባለፍክ ቁጥር ተመለስክ?" አለች።

"ባለፍኩ ቁጥር።"

"ኦኬ" አለች። ይኼኛው ሌላ ኦኬ ነው፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነው። ስልኩ ሲዘጋ መሳቢያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰባት ወር ሙሉ ልጄ አላስቸግረውም ብላ ስትርቀኝ፣ እኔ አልጋ ስለሌላት ነው እያልኩ እንጨት እለካለሁ።

ዓርብ

ጠዋት መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሽ መኮንን ነው። "ላዩ የሷ ነው። መሳቢያው የኔ" አልኳቸው።

"ስልሳ ሁለት ኢንች ነው የቆረጥነው፣ አንተ ሰባ ሁለት ነህ።"

"አዲስ እንቁረጥ?"

"በምን ጊዜ? መጣሁ።"

ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የመሳቢያውን የእግርጌ እንጨት ነቀሉት፣ በቃ። እግሬ ውጭ ያድራል። ወገቤስ ስላቸው "ወገብህ ይልመድ" አሉኝ። የነቀሉትን እንጨት አልጣሉትም፣ ግድግዳውን ሳይነኩ ከመደቡ ራስጌ ጋር አያይዘው ለመብራቷና ለመነጽሯ ማስቀመጫ አደረጉት። መደቡን የሚከልል መጋረጃ እኔ በሚለጠፍ ማንጠልጠያ ሰቀልኩ፣ ሰማያዊ ነው፣ አንድ ጎኑ ትንሽ ያጥራል።

ፌደራል ዌይ ሄጄ አመጣኋት። ገነት ቦርሳዋን ስታቀብለኝ "ስልኬ ክፍት ነው" አለች። ለሶሊ ይሁን ለኔ አልገባኝም። መንገድ ላይ ሶሊ ትራሷን ታቅፋ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። የራሷን ትራስ ይዛ መጥታለች፤ ይኼ ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ እስከ ሌክ ሲቲ ድረስ ከራሴ ጋር ስከራከር መጣሁ።

ቤት ገብታ ቆመች። "የኔ የትኛው ነው?"

"ላዩ።"

"አንተስ?"

መሳቢያውን ሳብኩት። ገብቼ ጋደም አልኩላት። እግሬን አየች። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወጣች፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ልከፍት ስል ከውስጥ "ኖክ አድርግ" አለችኝ። እንጨቱን አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች። በአማርኛ።

አባትሽ ነኝ አልኩ።

ቅዳሜ

ረፍዷል። ወገቤ የለም፣ ሌሊት ጥሎኝ ሄዷል። ሶሊ የቁም ሳጥኑን በር አጥፋ ጠረጴዛ አድርጋው ሴሪያሏን እየበላች ነው። ስልኳ አጠገቧ አለ። ስልኩን ሰረቅ እያደረግኩ ሳይ ቁርሴ ቀዘቀዘ።

አሁን ከደቂቃዎች በፊት ጮኸ። ገነት ናት። "ልምጣ?" ስትላት እዚህ ድረስ ተሰማ። ሶሊ አፏ ሙሉ ነበር። "ኖ፣ ነገ ማታ" አለች። "ዳድ ያመጣኛል።" መብላቷን ቀጠለች። የሚቀጥለውን ሳምንት አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት ነበር፣ ምላሴን ያዝኩ። ይኼም ይበቃል ለዛሬ።

ግን ይኼን ሳልጽፍ አላልፍም። ጠዋት ሲነጋጋ ነቅቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መጋረጃው ተከፈተ። በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ወረደች፣ ገባች፣ ወጣች። ከዚያ ኩሽና ለመሄድ መንገዷ ላይ ተጋድሜያለሁ። ቀስ ብላ ተራመደችኝ፣ አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት እርምጃ ሄደች።

ቆመች።

"ኦው" አለች፣ ለራሷ። ተመለሰች። መልሳ ተራመደችኝ፣ እንዳትነካኝ ትንፋሿን ይዛ። ከዚያ መደቡ ላይ ወጥታ በጉልበቷ እየሄደች በኩሽናው በኩል ወረደች። ያን ሁሉ ቀን ስስል በዚያ በኩል መንገድ እንዳለ አላየሁም።

ዓይኔን አልገለጥኩም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚህ በላይ ባድግ መሳቢያው አይችለኝም።