ሳነቴ፣ ከመርዶው በፊት

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

የ9ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ ክፍል «በረሃ ማለት ሙቀት ያለበት ቦታ ነው» ብሎ ጽፏል። ወር ሙሉ ለፍልፌ! በረሃ ብርዳምም ይሆናል፣ ከጎባ ቀና ብላችሁ ሳነቴን እዩ፣ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ንፋስ ብቻ ብዬ። ማን ሰምቶኝ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ደብተሬ፣ ስለ ፈተና የማወራሽ ሌላውን ላለማውራት ነው። ታውቂኛለሽ።

9 ሰዓት ላይ ቀበሌ ተጠራሁ። ጸሐፊያቸው ነኝና መጠራት አዲስ አይደለም፤ የስኳር ራሽን ዝርዝር መሰለኝ። ሊ/መንበሩ በሩን ዘጋው። ያ ሰው በር ዘግቶ አያውቅም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘረጋልኝ። ጀማል ከድር። ሰሜን ግንባር። ከወደቀ ሁለት ወር አልፎታል።

ጀማል የጋሽ ከድር ልጅ ነው። ጋሽ ከድር ጎረቤቴ፣ የፓርኩ ዘበኛ። እንግዳ ሲመጣ ሳነቴን የሚያስጎበኙትም እሳቸው ናቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካርታ ሲስል ላጲስ አይነካም ነበር፤ አንዴ ካሰመረ አሰመረ።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ከት/ቤት መልስ ሽማግሌዎች ሼኹ ቤት ተሰበሰቡ። እስላሙም ክርስቲያኑም። ሼኹ የሙስሊም ሞት አይሸሸግም፣ ነገ ጁምዓ ነው፣ ሬሳው በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ ይሰገድለት አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እናትየዋ ወ/ሮ ፋጡማ ደሎ መና ናቸው፤ እህታቸው ታማባቸው ከሄዱ ሦስት ሳምንት። አባት እዚህ ቢሰማ፣ ወሬው ቀድሞ ደሎ መና ቢወርድ፣ ሴትዮዋ አውቶብስ ውስጥ ከማንም አፍ ቢሰሙስ? ሼኹ እሺ አሉ። ሰው ይላካል። ጋሽ ከድርን ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል ተብሎ ወ/ሮ ፋጡማ እሑድ ማታ ይመጣሉ። መርዶው ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ለሁለቱም ባንድ ላይ። እስከዚያ አፍ ይዘጋ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና።

አንድ ችግር ቀረ። እሑድ ጉብኝት አለ። ት/ቤታችንን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ አንድ ረጅም ጓድና አንዲት ወጣት ሴት። ዳይሬክተሩ ሳነቴን አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። መሪው ጋሽ ከድር ናቸው፤ ከትናንት ወዲያ ተነግሯቸዋል። ቤት ይዋሉ ብንል? በዕድሜያቸው እረፉ ተብለው አያውቁም፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ስለዚህ ይሂዱ። አብሯቸው የሚሆን ሰው ይኑር። ማን?

ሊ/መንበሩ እኔን አለ። ከሁሉ ሰው እኔን! አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እሱ ያውቃል።

እሺ። ልጻፈው።

ጀማል የዘመተ ጊዜ የወታደር ኮታ መጣ። ቀበሌያችን ዝርዝሩን ሞላ፣ አንድ ቦታ ቀረ። ዕድሜያቸው የደረሰ ሁለት ልጆች። አንዱ ጀማል፣ አንዱ እኔ ቤት የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዳዊት። ሊ/መንበሩ አንተው ሙላው ብሎኝ ወጣ። ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ጀማል ከድር ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ። ዳዊትን በወሩ አሰላ ሰደድኩት፤ ዛሬም እዚያ ነው፣ ለፋሲካ ሰላምታ ይልካል። ለብርቄ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሆዴ ይፍጀው ብዬ ነበር። እየፈጀው ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጋሽ ከድር መንገድ ላይ ያዙኝ። ከመስጊድ እየተመለሱ። ደስ ብሏቸዋል፤ እንግዳ ይወዳሉ። ሰዎቹ መራመድ ይችላሉ ወይ፣ ወፍራም ኮት ይዘዋል ወይ። ያቺ ሴት ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ እንዳትመጣ ንገርልኝ አሉ። ከዚያ ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ እንደሆነ ጠየቁኝ። የጀማልን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መልሱንም የምጽፈው እኔ።

የለም አልኩ።

ፖስታም እንደ እኔ አርጅቷል ብለው ሳቁ። ሳቅኩ! እኔም አብሬ ሳቅኩ ደብተሬ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ። ጽዮን

ከቤ/ክ መልስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። በጾም! ብርቄ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ጭኮ በቅቤ እያሸች። እንቁላልም ቀቅላለች። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ጠግቦ ይደር ይባላል፤ ከሰማ በኋላ እህል ጉሮሮው አይወርድም። እናቴም እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ቋጠሮውን ለኔ ሰጠችኝ። በደንብ ይብሉ፣ አደራ አለች፤ ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች።

ኅዳር 22፣ እሑድ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት

መኪናው በር ላይ ነው። ውርጭ። ጋሽ ከድር ከፊት ተቀምጠዋል፣ ያንን አሮጌ የወታደር ካፖርት ደርበው። «አካም ቡልተን!»፣ እንደምን አደራችሁ፣ እያሉ እንግዶቹን ያስተምራሉ። ልሂድ።

ያው እሑድ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ተመለስን። እጄ አልሞቀም። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ስድስት ሰው፤ እንግዶቹ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሾፌሩ መኮንን፣ ጋሽ ከድር፣ እኔ። መርዶውን የማያውቁት እንግዶቹና ጋሽ ከድር ብቻ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት አሳየን፣ አለፍን። ጽዱ አለቀ፣ ኮሶው አለቀ፣ አስታው አጠረ አጠረና እሱም አለቀ። ከዚያ ሜዳ። ድንጋይ፣ ሣር፣ አልፎ አልፎ ጅብራ። ረጅሙ ጓድ ምነው ምድረ በዳ ነው አለ። እኔ ሰሚ አግኝቼ ስለ ብርዳም በረሃ ቀበጣጠርኩ። ዝም እንዳይባል ብዬ ነው። ዝም ከተባለ አንዱ አፍ ያመልጠዋል።

ጋሽ ከድር ግን ዝም አሰኙን። በአንድ መስመር አሰለፉን፣ ንፋሱን ፊት ለፊት፣ ከኋላዬ እንጂ ከጎኔ አይኬድም አሉ። ግማሽ ሰዓት ተጓዝን። በበትራቸው አመለከቱ። ቀይ ቀበሮ! ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ። «እኛ ጀዳላ ፈርዳ እንላታለን። የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስ ሲግጥ ሥር ሥሩ ትሄዳለች» አሉ በሹክሹክታ። ልጅቷ በደስታ አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው እሷን እያዩ ፈገግ አሉ፤ ጀማልንም ትንሽ ልጅ ሳለ አዝለው እዚህ ያመጡት ነበር፣ እንዲሁ አፉን ይይዝ ነበር አሉ።

ልጅቷ ምን ታውቃለች። አሁን የት ነው አለቻቸው።

«ወታደር ነው፣ ሰሜን። ደህና ነው አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤውን መምህር ያነብልኛል።»

ዳይሬክተሩን ሳል ያዘው። መኮንን ወደ መኪናው ሄደ፣ የሚሠራ ነገር ሳይኖረው ኮፈኑን ከፈተ። እኔ እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ።

ምሳ ሜዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሐይቅ ዳር። እንግዶቹ ቶሎ ቀማመሱና ውሃውን ፎቶ ሊያነሱ ሄዱ። እኔ ቋጠሮዬን ፈታሁ። ጭኮና እንቁላል። ዳይሬክተሩም ፈታ፤ ሚስቱ በወተት ያቦካችው ዳቦ። መኮንን ማር አወጣ። ተመካክረን አይደለም፤ ሦስታችንም ያው ነው የመጣልን። ብሉ ጋሽ ከድር። ይቺን። ይቺን ደግሞ። በሞቴ። በላያቸው ላይ ተረባረብን። አንድ እንቁላል በሉ። ጭኮ ጎረሱ። መኮንን ማሩን አስጠጋ።

እጃቸው ቆመ።

ፊታችን ያለውን አዩ። ቆሎ፣ ድንች በሚጥሚጣ። የጾም። ከዚያ ፊታቸው ያለውን አዩ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት። አንድ በአንድ አዩን። እኒህ ሰው በሰፈራችን ለስንቱ መርዶ ነግረዋል! አምና የመኮንንን አባት ሞት የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ በዋዜማው ቤታቸው ጠርተው በገዛ እጃቸው አጉርሰውት። እንዴት ይህን ረሳን? ሦስት ትልልቅ ሰዎች!

መጀመሪያ በኦሮምኛ አሉት፣ ለራሳቸው። «ኤኙ?» ከዚያ ለኔ፣ «ማነው? ፋጡማ ናት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አይደሉም ማለቴ ነበር። ማጽናኛ መስሎኝ! ከነቀነቅኩ በኋላ ነው የገባኝ። ፋጡማ ካልሆኑ የቀረው አንድ ሰው ነው።

እጃቸውን ታጠቡ። ራቅ ብለው ካፖርታቸውን አነጠፉ፣ ዙህር ሰገዱ። ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሱጁድ ላይ ቆዩ። በጣም ቆዩ፤ መኮንን ሊያነሳቸው ብድግ አለ፣ ያዝኩት። ተነሱ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አልነገራችሁኝም። እኔም አልሰማሁም። ፋጡማ ትምጣና አብረን እንሰማለን» አሉኝ።

ከዚያ ጭኮውን ሳቡት። በሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ በሉ፣ እስኪያልቅ። እኔ ዓይኔን አሸሸሁ። «ነገ ፋጡማን የምይዛት እኔ ነኝ» አሉ፣ እንደሚያፍር ሰው።

እንግዶቹ ሲመለሱ ጋሽ ከድር ፊታቸውን ታጥበው ነበር። የቱሉ ዲምቱን ተራራ አሳዩ። ዝይዎቹን አሳዩ። ልጅቷ ስትደክም በትራቸውን ሰጧት። አንድም ነገር አላጓደሉም። ስንለያይ እንደዚህ ያለ መሪ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። አመሰገኑ።

ወ/ሮ ፋጡማ ገብተዋል። አውቶብሱ ቀደመን።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ገባን። ሼኹ፣ ሊ/መንበሩ፣ ብርቄ፣ እኔ፣ ሌሎችም። ጋሽ ከድር ለብሰው ተቀምጠዋል። ምነው በደህና አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሼኹ «ኢንና ሊላሂ» ብለው ሲጀምሩ ሴትዮዋ ጨርሰው አልሰሙም። ባልየው ያዟቸው። ሁለት ወንድ ሊያግዝ ተጠጋ፤ በክርናቸው ገፉት። ለብቻቸው ያዟቸው። ማታ ሚስታቸውን በእጃቸው አጉርሰዋቸው እንደነበር ብርቄ ከጎረቤት ሰማች።

እኔ በር ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ሰዎች የተማሪው ሐዘን ነው አሉ። አዘኑልኝ። ከዚህ የባሰ ምን አለ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ሦስቱ ቀን አለፈ። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ለመኑኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ነበር፤ ግማሹ ጠፍቶባቸዋል። የልጁን ስም መጻፍ ይፈልጋሉ። ያንተ እጅ ጽሑፍ ያምራል፣ በትልቁ ጻፍልኝና እያየሁ ልለማመድ አሉ። በሕይወት እያለ ደብዳቤውን ራሴ ጽፌለት ቢሆን ኖሮ አሉ። እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ አሉ።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ!

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ለብርቄ ነገርኳት። ሁሉንም። የእጇን ሥራ አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ብትነግራቸው ለሳቸው ነው ለራስህ? ቁስላቸው ላይ እንጨት ሰደህ አንተ ቀልሎህ ልትተኛ? ደግሞ፣ ደብዳቤ ልታነብላቸው ከእንግዲህ አይጠሩህም፣ ግን ጎረቤት ናቸው፣ ዕድሜ ልክህን ቡናቸውን ልትጠጣ ነው አለች። ከዚያ ወጥታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ኅዳር 29፣ እሑድ። 10 ሰዓት

ጻፍኩት። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በዚያው ብዕር ነው፣ ሌላ ብዕር የለኝም። ጀማል ከድር። አራተኛው ላይ እጄ ጸና። ያምራል። እንደዚያን ቀኑ ያምራል።

ለሳቸው ይሁን ለኔ አላውቅም ደብተሬ። ብርቄ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን ወረቀቱን ተቀብለው በዚህ ጽሑፍ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ሲለማመዱ፣ በዚያው እጅ የተጻፈ መሆኑን ሳያውቁ፣ ይህን አልችልም። ይርገሙኝ። ይምቱኝም። ከዚህ በፊት አንዴ ጽፌዋለሁ እላቸዋለሁ፤ የት እንደጻፍኩት፣ የማንን ስም እንደዘለልኩ። በደንብ ያልበላ ሰው አይነገረውም ይባላል። እኔ ምን አዘጋጅቼ? ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ብቻ።

የበትራቸው ድምፅ። አጥሩ ጋ ደርሰዋል።

ብርቄ ልትከፍት ተነሳች። ተቀመጪ አልኳት፣ እኔ ነኝ የምከፍተው።