ገጥሟል ያልኩሽ ቀን

ሆሳዕና፣ ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ውድ ቲቸር ጵርስቅላ፣

ሰላም ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ወደ ሀቢቾ ትምህርት ቤት እንድትዛወሪ ያደረግኩሽ እኔ ሆኜ ሰላምሽን መጠየቅ አሳፈረኝ። "አንቱ" ስልሽ "ባልቴት አታድርጊኝ፣ ገና ሀያ ስምንቴ ነው" ብለሽ ስለከለከልሽኝ እንደድሮው አንቺ ነው የምልሽ። ከፈለግሽ እየተቆጣሽ አንብቢው፣ ብቻ እስከመጨረሻው አንብቢው።

ዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪው ላይ ጠመኔ ወርውሬ ከትምህርት ስባረር (መጀመሪያ የወረወረው እሱ ነው፣ እሱን ግን ማንም አይጽፈውም) ኮምፒውተር ክፍሉን እንድጠርግ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። መጥረጊያ ይዤ ገብቼ ኪቦርድ ላይ ተጣድኩ።

የኛ ኢንተርኔት እንኳን ፋይል ሊያወርድ፣ ኢሜይል ለመክፈትም ይለመናል። ስለዚህ የአንቲቫይረሱን አፕዴት አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛሽ ሶስና አውርዳ በፍላሽ ትልክልን ነበር። የሚያመጣው ደሞ የአውቶቡስ ረዳት የሆነው ወንድሜ ኢዮብ። ሶስና ለብቻው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር በስልክሽ ትልካለች። ፍላሹን መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር በማይገናኘው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንሰካለን፤ እሱም ከፋይሉ የራሱን ድርድር አውጥቶ ያሳየናል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ፋይሉ ከሶስና እጅ እንደወጣ ነው። አንዷ ፊደል እንኳ ከተለየች መንገድ ላይ የሆነ ነገር ነክቶታል። አንቺ ከስልክሽ ታነቢያለሽ፣ እኔ ከስክሪኑ አያለሁ፣ መጨረሻ ላይ "ገጥሟል" እላለሁ።

የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደጮህኩብሽ ታስታውሻለሽ?

"ወንድሜን ሌባ ልታደርጊው ነው?"

"ኢዮብን አምነዋለሁ" አልሽኝ። "ፋይሉ ግን ኢዮብን አያውቀውም።"

"እኛ ሰፈር ሰውየው ከታመነ ዕቃውም ይታመናል!"

"በይ ለቫይረሱ ሰፈራችሁን አሳዪው" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ተናድጄ እያለሁ ሳቄ አመለጠኝ።

ከዛ ሰኔ መጣ። አስተማሪዎች ውጤት ለማስገባት በር ላይ ተሰልፈው "ቶሎ በሉ እንጂ!" ይላሉ። ኢዮብ ፍላሹን ሲሰጠኝ "ቡታጅራ ላይ ለአውቶቡሱ ትንሽ ዘፈን አስጭኜበት ነበር። ዘፈኑን አጥፍቼዋለሁ፣ ለቲቸርሽ እንዳትነግሪ" አለኝ። እኔም ምን አለበት ብዬ ሰካሁት።

አንቺ ማንበብ ጀመርሽ። "ሦስት፣ ኤፍ፣ ዘጠኝ..."

ስክሪኑ ላይ የነበረው ሰባት ነው። ሁለተኛውም ሌላ፣ ሦስተኛውም ሌላ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እንደሚገጥም ሰው አንገቴን እነቀንቃለሁ። አልገጠመም ብል "ኢዮብ ምን አደረገበት?" ልትዪ ነው፤ ያ ሁሉ ስለሱ የጮህኩት ጩኸት መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው።

"ገጥሟል" አልኩሽ።

ሰው ሁሉ ያለፈኝ ሳላየው ይመስለዋል። ቲቸር፣ አይቼዋለሁ።

አፕዴቱን ሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ጫንነው። በማግስቱ ጠዋት የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ያለባቸው ፋይሎች አንዳቸውም አልከፈት አሉ። ከዛ ግምገማው መጣ። እኔ መስኮቱ ስር መጥረጊያ ይዤ እየሰማሁ ነበር።

"ማነው ያጣራው?" አሉ ዳይሬክተሩ አቶ ሀብቴ።

"እኔ ነኝ" አልሽ።

"ልጅቷ አልነበረችም እንዴ?"

"ልጅቷ ስክሪን ታያለች። ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ ግለሂስ አድርጌያለሁ። ሌላ ስም አትጻፉ።"

ለጠመኔ የማያንሰው እጄ ያን መስኮት ማንኳኳት አቃተው። ሐምሌን ሙሉ አስተማሪዎቹ ውጤቱን ከወረቀት እንደገና ሲያስገቡ ያንቺን ስም እያነሱ ሲያማርሩ፣ ሻይ እየቀዳሁ ሰማኋቸው። መስከረም ላይ ስትዛወሪ ዕቃሽን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያሰረልሽ ኢዮብ ነው። እጄን ጨብጠሽኝ ቆየሽ፣ ዓይኔን አየሽው፣ ምንም አልጠየቅሽኝም። ሳታውቂው አልቀረሽም መሰለኝ። ብትጠይቂኝ ደሞ እንደልማዴ እጮህብሽ ነበር።

ማታ ማታ እማዬ "ምን ሆነሻል?" ስትለኝ እቆጣታለሁ። በቃ ሰለቸኝ። ትናንት ለኢዮብ ነገርኩት። "ከሥራ ልታስወጪኝ ነው!" አለኝ። "እኔም እወጣለሁ፣ አብረን ሌላ ቦታ እንጠርጋለን" አልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል፣ ግን ይሄን ደብዳቤ ወደ ሀቢቾ ለሚሄደው ሹፌር አደርስልሻለሁ ብሏል።

እንግዲህ ደብዳቤው በኢዮብ እጅ ስላለፈ እንዳታምኚው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከአቶ ሀብቴ ቢሮ እደውልልሻለሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። አንቺ ያንቺን ይዘሽ በጣትሽ ተከተዪኝ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ እዛ ስቆም "አይቼዋለሁ" ያልኩት ጋ ስደርስ ልዘለው እችላለሁ። አንዲት ቃል ካጎደልኩ እንዳታዝኚልኝ፣ አልገጠመም በይና ዝጊብኝ።

ከገጠመ ግን ቃሉን ከአፍሽ ልስማው። እኔ ከሰኔ ጀምሮ ልለው አልቻልኩም።

ያሳፈረችሽ፣
ትርፊት