ከፎቁ አናት ላይ የካድኩሽ ቀን

መካነ ሰላም
ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለኑርጃን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የኩታበሩ ሱሌማን ነው። ዱባይ የሚሠራው ካንቺ ሕንፃ አጠገብ ስለሆነ ፈልጎ እንዲያገኝሽ ለምኜዋለሁ። ስሜን ስታዪ ሳታነቢ እንዳትጥዪው።

ያን ዕለት ፎቁ ላይ ያየሻት እኔው ነኝ። ዓይንሽ አልዋሸሽም።

አገሬ ልገባ አራት ቀን ሲቀረኝ ነው፣ ሊያገባኝ ያሰበው ኸይሩ «ከተማውን ከላይ ሳታዪማ አትሄጂም» ብሎ የወሰደኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኔን ደብቄ፣ የደሴ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ የምሠራውም ልብስ ቤት ነው ብዬው ነበር። የለበስኩት እንኳ የማዳሜን ቀሚስ ነው።

ሊፍቱ ጆሯችንን ደፍኖ አናቱ ላይ አወጣን። መኪናው ሁሉ እንደ ተበተነ ምስር ነው፤ ባሕሩ ከሰማዩ አይለይም። ከአባይ በረሃ አፋፍ ቁልቁል የማይ መሰለኝ። ኸይሩ ፎቶ ሊያነሳኝ ሲያመቻች ድምፅሽን ሰማሁ።

«ሀጀራ! የኔ እህት፣ አንቺ ነሽ?»

የመስታወት መጥረጊያው በእጅሽ፣ ፊትሽ ሳቅ በሳቅ። ቀጥለሽ «ማዳምሽ እንዴት ለቀቀችሽ?» ልትዪኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አባቴ ዘንድ ባንድ የእንጨት ሉሕ አብሬያት ቁርኣን የቀራሁትን ልጅ፣ በዐረብኛ «አላውቅሽም» አልኳት። እንደ ባዕድ ይቅርታ ጠይቀሽ ወደ መስታወቱ ዞርሽ። እጅሽ ግን አልጠረገም፤ ባለበት ቆሞ ቀረ። ኸይሩ «ማናት?» ሲለኝ «ከሰው አምታታችኝ» አልኩት። ፎቶውንም ተነሳሁ። ስቄ።

ከኸይሩ ጋር ነገሩ አልሆነም። እሱ ይቅር።

በገባሁ ማግስት እናትሽ መጡ።

«ሀጀራዬ፣ የኔዋን አይተሻት ይሆን? ድምጿን ካጣሁ ሁለት ረመዳን አለፈ።»

«አገሩ ሰፊ ነው፣ እማ ሀዲያ። አላየኋትም።»

ጉልበቴን ዳበስ አድርገው «አንቺን የመለሰ አላህ የኔንም ይመልስልኝ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ፣ ሞታለች ብለው ሰደቃሽን ሊያወጡ መሆኑን ሰማሁ። ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ሮጬ ሄድኩ። «አይቻታለሁ! ደህና ናት!» አልኳቸው።

«ምን አለችሽ?»

ምን ልበል? «እናቴን ሰላም በዪልኝ አለችኝ» አልኩ። ጎንበስ ብለው እግሬን ሳሙ። ኑርጃን፣ እሳቸው እኮ የኔን እግር ሳሙ!

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «እስቲ ያለችሽን ድገሚልኝ» ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ።

እኔን ባትምሪኝ እውነትሽ ነው። ለምን ድምፅሽን እንዳጠፋሽባቸውም አልጠይቅሽም። ለሳቸው ግን በአራጌ ሱቅ ስልክ ደውዪላቸው፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሰላምታሽን ካንቺው አፍ ይስሙት። ፎቁ ላይ ያደረግኩሽንም ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። እኔ አፌ እምቢ ብሎኛል።

አላህ ከዚያ ከፍታ በደህና ያውርድሽ፤ ለእናትሽ ደጅ ያብቃሽ።

እህትሽ ብላ ለመፈረም ያፈረችው
ሀጀራ