የአላይመንቱ ሁለተኛ ሳህን

ሜቭ፣

ይህን ስታነቢ ወደ ማዕድኑ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ውሻዋ በልታለች፤ ብታለቃቅስብሽ እንዳትሰሚያት።

አሮጌ ማሽን የሚገዛው የባላራት ከተማ ሰውዬ ቅዳሜ ይመጣል። የአባዬን የድሮ የጎማ አላይመንት ማሽን ፎቶ ልኬለት፣ ከነቀለሙ፣ ከነፋብሪካው የነሐስ ምልክት ስለተገኘ ልቡ ተሰቅሏል። «ሳህኖቹ ጥንድ ካልሆኑ ግን ለቁራሌው ስጠው፣ እኔን አታድክመኝ» ነው ያለኝ። የመኪና የፊት ጎማዎች የሚቆሙባቸውን፣ ጠርዛቸው ላይ ዲግሪ የተቀረጸባቸውን ተሽከርካሪ ብረቶች ማለቱ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ያለው አንዱ ብቻ ነው!

ጠዋቱን ሙሉ ስገለብጥ ወገቤ ተቆረጠ። እዚህ ቤት መቼም ዕቃ ካስቀመጡት ቦታ አይገኝም። ስደውልልሽ «ብረት ብረት አትበልብኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። የአበባ ማስቀመጫ አድርገሽዋል ብዬ ስበግን አረፈድኩ።

አሁን አገኘሁት። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያልተነካው አልጋው ሥር ነው። ላዩ ላይ ምንጣፍ ለጥፈሽበታል።

ለካ አባዬ ታሞ ሳለ እዚያ ላይ እያቆምሽው ነው ከአልጋው ወደ ወንበሩ ስታዞሪው የኖርሽው። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ብቻሽን። እኔ ከማዕድኑ እየደወልኩ «እንዴት ነው?» ስልሽ፣ መልስሽ ሁልጊዜ «ደህና ነው» ነበር።

ምናለ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብትዪ?

ወጥቼበት ዞርኩ። ድምፅ የለውም። ግራሶው እንኳ አልደረቀም።

አሁንም ተናድጃለሁ።

የጋራዡ ቁልፍ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ነው። ሰውዬው ሲመጣ፣ ያለን አንድ ሳህን ብቻ ነው በይው።

ክላይቭ